የማይፈታ ብሎን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኩምሳ ቡራዩ ባለው ጋራዡ ውስጥ፣ የራሱ ሎንግቤዝ ላንድክሩዘር ሥር ተንጋሎ ብሎን እያጠበቀ፣ ቁልፉን ደረቱ ላይ አስቀምጦ እዚያው ቢተኛ ምን እንደሚቀርበት ያስብ ነበር። ብዙም የሚቀርበት ነገር አልታየውም። ሲሚንቶው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ስልኩ ሩቅ ነው፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚያየው እግሩን ብቻ ነው። እግር ብቻ የሆነን ሰው ብዙ ነገር አይጠይቁትም።

ሳምንቱን ሙሉ የባዘነው ለአንድ የኦክስጅን ቦምቦላ ነው። መጀመሪያ የፈለገው በትከሻ የምትንጠለጠለዋን ትንሿን ነበር። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከክሊኒክ ክሊኒክ ዞረ። አንዱ ጋ "ባለፈው ሳምንት መጥተህ ቢሆን" አሉት፤ ሌላው ጋ "በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል" አሉት። የዚህን ሳምንት ሰው የሚያስተናግድ ጠፋ። ሐሙስ ዕለት ሱሉልታ ድረስ ወጥቶ ራቢአ የምትባል ባለሱቅ አገኘ። የራቢአ እናት በጳጉሜ አርፈዋል፤ ሲተነፍሱበት የነበረው ትልቁ ቦምቦላ፣ የሰው ቁመት የሚያህለው፣ ሱቁ ጥግ ከስኳር ጆንያ ጎን ሻሽ ጣል ተደርጎበት ቆሟል። ኪራይ አልጠየቀችውም። "ስትመልሰው ግን ወደ ውስጥ እንዳታስገባብኝ። ከደጅ ጥራኝ፤ የት እንደማደርገው ያኔ አስባለሁ" አለችው። አርብ ዕለት ሲያስሞላው ዋለ።

ይህ ሁሉ መከራ ለኦቦ ሊቤ ሲባል ነው ቢባል ደስ ይል ነበር። እውነቱ ግን ለኩምሳ ልጅ ለሌንጮ ሲባል ነው፤ ኩምሳን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። ሌንጮ ከሰበታ አለፍ ብሎ ወደ ተፍኪ በኩል ካለ መንደር ሶያማ የምትባል ልጅ ወዷል። ልጅቱም ወዳዋለች። የቀሩት አባትየው ናቸው። ኩምሳ በግንቦት ወር የተከበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ፤ አባትየው ቢቂላ በወጉ ተቀብለው በወጉ መለሷቸው። "ሰዎቹን አላውቃቸውም" አሉ። "የአባቴን ቤት የሚያውቅ ሰው ካላችሁ እሱ ይምጣና እንነጋገር።"

በሁለቱ ቤት መሃል እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ኦቦ ሊቤ። ኩምሳን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ተቀብለው ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ የቢቂላ አባት ወፍጮ በተሰበረ ቁጥር የብየዳ ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው እየሄዱ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የአርባ ዓመት የብየዳ ጭስ ሳንባቸውን ጨርሶት፣ ቡራዩ በልጃቸው በደራርቱ ቤት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አየር የሚሰጥ ማሽን ላይ ተሰክተው ይውላሉ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ጄኔሬተር ተሸክሞ ይሮጣል።

ኩምሳ ሊለምናቸው የሄደ ቀን ግማሽ ልቡ እምቢ እንዲሉት እየጸለየ ነበር። ኦቦ ሊቤ ግን ንግግሩን አላስጨረሱትም። "መቼ ነው?" አሉ ብቻ። ደራርቱ ኩምሳን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ወደ ኩሽና ገባች፤ ድስቶቹን ስታንኳኳ እስኪወጣ ድረስ ይሰማው ነበር። ልክ ነች ብሎ አሰበ። እሱም ቢሆን በራሱ ላይ ድስት ቢያንኳኳ ደስ ባለው።

እንግዲህ ቦምቦላው መንገድ ላይ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ማሰር ነበር የቀረው። ቦምቦላውን በሎንግቤዙ ወለል ላይ፣ በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች መሃል አጋደመው። ከወፍራም ላሜራ አራት ቀለበት ቆርጦ፣ ውስጣቸውን በጎማ አልብሶ፣ ወለሉን በስቶ በስምንት ብሎን ከሥር አሰራቸው። ቦምቦላውን የሞላለት ሰው ኦክስጅንና ቅባት እሳት እንደሚፈጥሩ ነግሮታልና ራስጌውን ከመንካቱ በፊት እጁን ሦስቴ በኦሞ ታጠበ። የሠላሳ ዓመት ግራሶ እንኳ ለቀቀ።

መጨረሻ ላይ ኦቦ ሊቤ ያስተማሩትን አደረገ። መጥፎ መንገድ ላይ የሚሄድ ነገር ሲታሰር፣ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ተርፎ የሚወጣው የብሎን ጫፍ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይጨፈለቃል። ከዚያ ወዲያ ያ ዳዶ መንገድ አያላላውም፤ ቁልፍም አይፈታውም። መፍታት የፈለገ በመጋዝ ይቆርጠዋል። ኩምሳ ስምንቱንም ቀጠቀጠ።

"ሰውዬ!" አለ አህመድ ከበላዩ። አህመድ ከጋራዡ አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጎረቤቱ ነው፤ ነገ ከኦቦ ሊቤ ጋር ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄደው እሱ ነው። "ይሄ የሚታሰረው ለሽማግሌ ነው ለታንክ?"

"የመንገዱን ጭቃ አላየኸውም።"

"እግርህን ሳየው የሞትክ መስሎኝ ነበር።"

"ጊዜ አላገኘሁም" አለ ኩምሳ ከሥር።

እሁድ ጠዋት ኦቦ ሊቤን ወደ መኪናው አሻገሯቸው። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል፤ አፍንጫቸው ላይ የተሰካችው ቀጭን ቱቦ ከቦምቦላው ራስጌ ጋር ተያይዛለች። ደራርቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ኩምሳ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አንዱን ይዘው ነቀነቁ። ቀለበቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ጫፉን ቀጥቅጠኸዋል?"

"ስምንቱንም።"

"ጎሽ" አሉ።

ኩምሳ በእሳቸው ሥር በሠራባቸው ዓመታት ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማ ለመቁጠር ሞክሮ ሁለት ላይ ቆመ። አስኮን አልፈው፣ አየር ጤናን አልፈው፣ ዓለም ገና እስኪደርሱ ድረስ ድካሙ ትንሽ ቀለል ብሎት ነበር። ከሰበታ ወጥተው አስፋልቱን ሲለቁ ጭቃው ጀመረ። የጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ክረምቱ ገና መሬቱን አልለቀቀም። መኪናው ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ አህመድ ከፊት ሆኖ እጀታውን አንቆ "ያ አላህ" ይላል፤ ከኋላ ያለው ቦምቦላ ግን ጭጭ ነው።

የቢቂላ ግቢ ፊት ለፊት ቦይ አለ፤ በቦዩ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። ሰው ያሻግራል፤ መኪና አያሻግርም። ኩምሳ ቦዩ አፍ ላይ አቆመ። ከዚያ እስከ ቤቱ በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ደራርቱ የኋላውን በር ከፈተች፤ ኦቦ ሊቤ አንድ እግራቸውን ወደ መሬት ዘረጉ፣ ሁለተኛውን አስከተሉ፣ አንድ እርምጃ ሄዱ። ቱቦዋ ተወጠረችና ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳበችው።

አራቱም ቱቦዋን አዩ።

ኩምሳ ስለ ጭቃው አስቧል፤ ስለ ጉድጓዱ አስቧል፤ ቦምቦላው እንዳይላላ፣ እንዳይንከባለል፣ እንዳይፈነዳ አስቧል። ሽማግሌ ከመኪና ወርዶ ሰው ቤት እንደሚገባ ግን አላሰበም። እንዲህ ያለውን ስህተት ሰነፍ ሰው አይሠራውም፤ ሠራተኛ ነው የሚሠራው። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ቁልፉን ይዞ መኪናው ሥር ጭቃው ላይ ተኛ። የመጀመሪያውን ዳዶ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ጠመዘዘ። ሁለተኛውን ሞከረ። ሦስተኛው ላይ እጁ ተላጠ። መጋዙ ቡራዩ ነው። ኩምሳ እዚያው እንደተጋደመ የገዛ ሥራውን ከሥር አየው፤ በዕድሜው እንዲህ ያማረ ሥራ አልሠራም፤ እንዲህ የጠላውም ሥራ የለም።

"እኔ ገብቼ ላስረዳቸው" አለ አህመድ። "ሰው ናቸው፤ እዚህ ወጥተው ያነጋግሯቸዋል።"

ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ፊቱ አላማረም። "‘ልጄን መንገድ ላይ ነው የምድራት?’ አሉኝ። ‘ከመኪና አልወርድ ላለ ሰው ደጅ ድረስ ወጥተው ልጃቸውን ሰጡ ተብሎ ይወራብኝ?’ አሉ። ታመዋል ብላቸው፣ ‘የታመመ ሰው ማን አምጡ አላችሁ?’ አሉኝ። ለዚህ ምን ይመለሳል?"

ኩምሳ ከመኪናው ሥር ወጥቶ "እንመለስ" ሊል አፉን ሲከፍት ኦቦ ሊቤ ቱቦዋን ከአፍንጫቸው ላይ አነሱና ለደራርቱ ሰጧት፤ መነጽር እንደማስቀመጥ ቀለል አድርገው።

"አባዬ!"

"ያዢልኝ። መጣሁ።"

አህመድ ክንዳቸውን ይዞ ግንዱን አሻገራቸው። የሙሽራው አባት ሽምግልና ላይ አይታይም፤ ወጉ ነው። ኩምሳ መኪናው ውስጥ ሊደበቅ ነበር ዕቅዱ፤ እግሩ ግን እሺ ስላላለው አጥሩ ሥር ቆሞ አየ። ቢቂላ በር ላይ ወጡ፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሸበጥ የተጫሙ፣ ደረታቸው ሰፊ ሰው ናቸው። ኦቦ ሊቤን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ሊቤ? ፈያዳ?"

የአገራችን ሰላምታ ጤነኛውንም ያደክማል። ቢቂላ ስለ ጤናቸው ጠየቁ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ክረምቱ ጠየቁ። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ "ፈያ... ፈያ..." ይላሉ፤ በየመሃሉ አየር ይፈልጋሉ። አህመድ ሊመልስላቸው ቢሞክር በከዘራቸው ጫፍ እግሩን ነካ አደረጉት።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አሉ ቢቂላ። ወንበር ወጣ።

"አልቀመጥም።"

ለልጅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ይህን ኩምሳም ያውቃል፣ ቢቂላም ያውቃሉ፣ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ቃሉም ረጅም ነው፤ ዘር ተቆጥሮ፣ የሁለቱ ቤት ስም ተነስቶ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተሄዶ ነው የሚደረሰው። ኦቦ ሊቤ በዚህ ሥራ የታወቁ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ። አሁን ያላቸው አየር ለዚያ አይበቃም።

"ቢቂላ..." አሉ። "የአባትህን... ቤት... አውቃለሁ።" ቆሙ። ትከሻቸው ወጣ፣ ወረደ። "ልጅህን... ለልጄ።"

ለልጄ ነው ያሉት። ኩምሳ አጥሩን ያዘ።

ቢቂላ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ ልባቸውን እንደነካው ከሩቅም ያስታውቃል። ግን ወግ ወግ ነው፤ በመጀመሪያ ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሰጠ አባት የለም። "ሰምቻለሁ፣ ኦቦ ሊቤ" አሉ ቀስ ብለው። "ባልመጡብኝ ብዬ አይደለም። አጎቶቿ አሉ፣ እናቷ አለች። ሰው ሳላማክር አይሆንም። እንግዲህ ቀጠሮ..."

ከዚያ በኋላ ያሉትን ኩምሳ አልሰማም። የሚያየው ከዘራው ላይ ያለውን እጅ ነው። ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ከንፈራቸው ቀለሙ ሄዷል። ከፊታቸው ባዶ ወንበር አለ፤ አልተቀመጡም፤ አይቀመጡም። ቀጠሮ የሚባለውን ነገር የሚችል ሰው እንዳልሆኑም ያውቃል። አጥሩን አልፎ ከገባ የልጁ ጉዳይ እዚያው ላይ እንደሚያልቅለት ያውቃል፤ ሽምግልና ላይ ዘሎ የገባ የሙሽራ አባት ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። የሌንጮ ፊት መጣበት። አጥሩን እንዴት እንዳለፈ አላስተዋለም።

"በቃ!" አለ። "በቃ፣ ይቅር! ሽምግልናውም ይቅር፣ ጋብቻውም ይቅር! ይቀመጡ ኦቦ ሊቤ፣ በፈጠረዎት ይቀመጡ!"

አህመድ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ያኔም አልተቀመጡም። ኩምሳ በጭቃ ኮቱ አቅፎ አነሳቸው። ከትርፍ ጎማ ይቀልላሉ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉም አስደነገጠው። እየሮጠ ግንዱን ተሻግሮ የመኪናው ወንበር ላይ አሳረፋቸው፤ ደራርቱ ቱቦዋን ሰክታ ኦክስጅኑን ጨመረችው። ማንንም አልተሳደበችም። መሳደብ ይሻል ነበር።

ብዙ ቆይቶ የኦቦ ሊቤ ከንፈር ቀለሙ ተመለሰ። ዓይናቸውን ገለጡና ኩምሳን ፈለጉት።

"አበላሸኸው" አሉ። "ቆሜ ነበር እኮ። ቆሜ... ነበር።" ከዚያ ዓይናቸው ተከደነ፤ ደራርቱ ጆሮዋን ደረታቸው ላይ አድርጋ "ተኝቷል" አለች። "ንዳ። ቤት አድርሰን።"

ኩምሳ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሙያ ያስተማሩትን ሰው አዋርዷል፤ የልጁን ነገር በገዛ አፉ ገድሏል፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ለሌንጮ ምን ብሎ እንደሚነግረው አያውቅም፤ ለማሰብም አቅም አልነበረውም። ሞተሩን አስነሳ።

ቢቂላ ግንዱ ላይ በሸበጣቸው እየተንገዳገዱ መጡ። ከተከፈተው የኋላ በር ፊት ቆሙ። ቦምቦላውን አዩ፣ ቀለበቶቹን አዩ፣ ቱቦዋን እስከ ሽማግሌው አፍንጫ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏት።

"መልስ አለኝ" አሉ።

"ተኝተዋል" አለ ኩምሳ። "ለእኔ ይንገሩኝ፤ አደርስላቸዋለሁ።"

"ላንተ? አንተ እኮ በወጉ እዚህ የለህም።" አልተቆጡም፤ እውነት ነበር የተናገሩት። "ቆመው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። መልሱም የእሳቸው ነው።"

"አባቴን ዛሬ ማንም አይቀሰቅሰውም" አለች ደራርቱ። "ይነቃል ብለንም አንጠብቅም። ማሽኑ ጋ መድረስ አለበት።"

ቢቂላ ትንሽ አሰቡ። ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ፤ በሩ ላይ ሚስታቸውና ሶያማ ቆመዋል። ከዚያ ባርኔጣቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ መኪናው ወጡ፣ ከኦቦ ሊቤ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ በሩን ከውስጥ ሳቡት።

"የት ነው?" ብለው ሚስታቸው ጮኹ።

"መልስ ላደርስ!"

በጭቃው ላይ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ቢቂላ ሰፊ መዳፋቸውን ከሽማግሌው ራስ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ቤት ውስጥ የሚጫሙት ሸበጥ ቦምቦላው ላይ ተደግፏል። ሰበታን አለፉ። ዓለም ገናን አለፉ። ኩምሳ በመስታወቱ ያያል፤ መልሱ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን አይደፍርም፤ ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

አየር ጤና ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ መኪኖች ተደርድረው ቆመው ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ኦቦ ሊቤ ነቁ። መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ቀጥሎ ደራርቱን። ከዚያ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ሰው አዩና ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፣ ሕልም ይሁን እውነት የሚለዩ መስለው።

"ቢቂላ።"

"አቤት፣ ኦቦ ሊቤ።"

"ቀጠሮው... መቼ ነው ያልከኝ?"

ቢቂላ ተነሱ። የመኪናው ጣሪያ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎብጠው፣ አንድ እጃቸውን ቀለበቱ ላይ ተደግፈው፣ እንደምንም ቆሙ።

"ዛሬ ነው" አሉ። "ኤዬ። ሰጥቻለሁ።"

ከፊት ያሉት መኪኖች ተንቀሳቀሱ። ኩምሳ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክስ አደረገ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ መንገዱ ሙሉ ጮኸ። ኩምሳ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

"ምን ሆነ?" አሉ ቢቂላ ደንግጠው።

"ተዉት" አለች ደራርቱ፣ እጇን ዘርግታ የኩምሳን ጀርባ እየደባበሰች። "ደክሞት ነው።"